ላፕቶፑ ከፍላሽ አልነሳ ሲል፦ ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

ጥያቄው፦ «ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ላፕቶፕ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ዊንዶውሱ መከፈት አቃተው። የኤችፒ ምልክት ይመጣል፣ ከምልክቱ ሥር ነጠብጣቦቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ ከዚያ አያልፍም። ባልደረባዬ በ16 ጊጋ ፍላሽ ዊንዶውስ 10 አዘጋጅቶ ሰጠኝ። ፍላሹ የትምህርት ቤታችን አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል፤ የእኔ ላይ ግን ኤፍ9 ስጫን በሚመጣው የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ የለም። ‹ሌጋሲ አድርገው› ተብዬ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብቼ ቀየርኩ፣ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ፤ ተመልሼ ሳየው እንደነበረ ነው። ጥገና ቤት ብወስደው ‹ፎርማት ይደረግ› አሉኝ። ውስጡ የሦስት ክፍል ተማሪዎቼ የዓመቱ ውጤት አለ፤ ሌላ ቦታ ኮፒ አላስቀመጥኩም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ላፕቶፑን ፎርማት እንዳያስደርጉ። የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ማሽንዎ የተበላሸ አይመስለኝም፤ የተማሪዎችዎ ውጤትም እዚያው ዲስኩ ላይ እንዳለ ለማመን በቂ ምክንያት አለኝ። ፍላሹ ያልሠራልዎት ለሌላ ዓይነት ማሽን ስለተዘጋጀ ነው። ይህን ከየት እንዳወቅሁት ላስረዳዎት፣ ምክንያቱም ምክንያቱን ካወቁ ቀጣዩን እርምጃ ማንም አያሳስትዎትም።

በመጀመሪያ ስለ ዲስኩ። ነጠብጣቦቹ መዞር የሚጀምሩት ዊንዶውስ ከዲስኩ ላይ መነበብ ከጀመረ በኋላ ነው። ዲስኩ ጨርሶ ሞቶ ቢሆን ኖሮ እዚያ ሳይደርሱ ጥቁር ስክሪን ላይ «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም 3ኤፍ0 የሚል መለያ ያዩ ነበር። ይህ ግን ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ላፕቶፑን ያጥፉና ሲያበሩት በግራ ከላይ ጥግ ያለውን የኢስኬፕ ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። ሜኑው ሲመጣ ኤፍ2ን ተጭነው የሃርድ ድራይቭ ምርመራውን ያስጀምሩ። ፈጣኑ ምርመራ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። «ፓስድ» ካለ እንቀጥላለን። «ፌይልድ» ካለ ግን እዚያው ያቁሙ፤ እየሞተ ያለን ዲስክ ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ቀሪ ዕድሜውን መጨረስ ነው። በዚያን ጊዜ ዲስኩ ይወጣና በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ውጭ ዲስክ ተሰክቶ ፋይሉ ይወሰዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ «ከኤችፒ ምልክት ሥር» የምትለዋ ቃል ናት። ዊንዶውስ 10 ሲነሳ ነጠብጣቦቹ ከአምራቹ ምልክት ሥር ከዞሩ፣ ማሽኑ የሚነሳው ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ መንገድ ነው ማለት ነው። በድሮው መንገድ ማለትም በሌጋሲ ቢሆን ኖሮ፣ ነጠብጣቦቹ የሚዞሩት ከሰማያዊው የዊንዶውስ መስኮት ሥር ነበር። የእርስዎ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ የተከፋፈለው ጂፒቲ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ሲነሳ ሌላ ዓይነት አይቀበልምና። ይህን ልብ ይበሉ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሁለቱ መንገዶች ፍላሽን የሚያነቡበት ሁኔታ ፈጽሞ ይለያያል። የድሮው ባዮስ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የፍላሹን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነባል፣ እዚያ ላይ ያገኘውን ኮድ ያስጀምራል፣ የቀረውን ሥራ ለኮዱ ይተዋል። ዩኢኤፍአይ ግን ፍላሹን እንደ እኛ ከፍቶ ያየዋል። ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ክፍል ይፈልጋል፤ በዚያ ውስጥ ኢኤፍአይ የሚባል ፎልደር፣ በፎልደሩ ውስጥ ቡት የሚባል ሌላ ፎልደር፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ ቡትኤክስ64 የሚባል ፋይል ይፈልጋል። ካገኘ ያስጀምራል። ካላገኘ ወይም ፍላሹ ብዙዎቹ ማሽኖች በዚህ ደረጃ ማንበብ በማይችሉት በሌላው አቀማመጥ፣ በኤንቲኤፍኤስ ብቻ ከተዘጋጀ፣ ፍላሹ ለእሱ እንዳልተሰካ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያጡት ለዚህ ነው።

የትምህርት ቤቱ ዴስክቶፕ አሮጌ ነው ብለውኛል። በድሮው መንገድ የሚሠራ ማሽን ስለሆነ ባልደረባዎ ያዘጋጁት ፍላሽ ለእሱ ተስማማው። «ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚለው ማስረጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ፍላሹ አለመበላሸቱን ያሳያል እንጂ ለእርስዎ ማሽን መሆኑን አያሳይም። ማረጋገጥ ከፈለጉ ፍላሹን በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩትና ቀኝ ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፋይል ሲስተሙን ይዩ። ኤንቲኤፍኤስ የሚል ከሆነ መልሱን አገኙት።

ባዮስ ውስጥ የቀየሩት ለምን ተመለሰ? በእነዚህ የኤችፒ የሥራ ላፕቶፖች ላይ ሌጋሲን ወይም ሴኪዩር ቡትን (የታወቀ ፊርማ የሌለው ነገር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ሲቀይሩ ሴቭ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ባለአራት አሃዝ ቁጥር ይመጣል። ያንን ቁጥር በቁልፎቹ ጽፈው ኢንተር ካላሉ ለውጡ ይሰረዛል። ሰው ስህተት የመጣበት መስሎት ኢስኬፕ ይጫናል ወይም ያጠፋዋል። ሌላ ሰው በስውር ማሽንዎን እንዳይቀይርብዎ የተደረገ ጥበቃ ነው።

መምህር፣ ለውጡ መሰረዙ ግን በጀዎት። ሌጋሲ ቢበራ ኖሮ ፍላሹ ይነሳ ነበር፣ ደስም ይልዎት ነበር። «ኢንስቶል» ብለው ዲስኩን ሲመርጡ ግን «ዊንዶውስ በዚህ ዲስክ ላይ ሊጫን አይችልም፣ ዲስኩ ጂፒቲ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። በዚህ ጊዜ በየቦታው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍሎች) በሙሉ አጥፋቸው»። የተማሪዎችዎ ውጤት የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ነርስ በዚሁ መንገድ ያለፈ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጥታ ነበር። የሠራላት ሰው ክፋት አልነበረውም፤ መልእክቱን ለማለፍ የሚያውቀው መንገድ ያ ብቻ ነበር። ከልጇ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች ያወጣሁላት ጥቂቱን ነው፣ እነሱም ስማቸውና ቀናቸው ጠፍቶ። ፓርቲሽን ሲጠፋ ፋይሉ ወዲያው ከዲስኩ ላይ አይፋቅም፤ ነገር ግን አዲስ ዊንዶውስ ከላይ ከተጫነበት፣ ወይም ዲስኩ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዓይነት) ከሆነ፣ መልሶ የማግኘቱ ተስፋ በጣም ይቀንሳል።

ስለዚህ ማሽኑን ለፍላሹ ብለን ወደ ኋላ አንመልሰውም፤ ፍላሹን ለማሽኑ እናዘጋጀዋለን። ባዮሱን እንዳለ ይተዉት።

ባልደረባዎ የዊንዶውስ 10ን አይኤስኦ ፋይል (መጫኛው በሙሉ ያለበትን አንድ ፋይል) ኮምፒውተራቸው ላይ አስቀምጠውት ከሆነ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም፤ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ፓኬጅ መጨረስ ነው። ሩፉስ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ። ፍላሹን ይምረጡ፣ አይኤስኦውን ይምረጡ፣ ከዚያ «ፓርቲሽን ስኪም» ከሚለው ላይ ኤምቢአር የሚለውን (የድሮውን አከፋፈል) ወደ ጂፒቲ ይቀይሩ። ከአጠገቡ ያለው «ታርጌት ሲስተም» ራሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ይዞራል። ፋይል ሲስተሙ ላይ ኤንቲኤፍኤስ ብሎ ቢያዩ አይደንግጡ። የዊንዶውስ መጫኛ ውስጥ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል ሊኖር ይችላል፣ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ሩፉስ ይህን አውቆ ከፍላሹ ጫፍ ላይ ማሽኑ የሚያነባት ትንሽ ክፍል ጨምሮ ያዘጋጃል። የቆየ የሩፉስ ስሪት ከሆነ ግን ሴኪዩር ቡት ያቺን ክፍል ሊከለክላት ስለሚችል አዲሱን ያውርዱ፤ በጣም ትንሽ ፋይል ነው። ኢንተርኔቱ የማያስቸግራችሁ ከሆነ የማይክሮሶፍት የራሱ ማዘጋጃ ፕሮግራምም አለ፤ ፋይሉን ጨምቆ ስለሚያወርደው ፍላሹ በፋት32 ይወጣል፣ በሁለቱም መንገድ ይነሳል። ቢያንስ 8 ጊጋ ፍላሽ ይፈልጋል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ቀድመው ይዩት።

ፍላሹ ሲዘጋጅ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ይሰኩት፤ በሃብ ወይም በማራዘሚያ አይሁን። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት የማብሪያውን ቁልፍ ቢያንስ ለ10 ሰኮንድ ይዘው ይቆዩ። ከዚያ አብርተው ወዲያውኑ ኢስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ9። አሁን ፍላሹ በስሙ፣ ከፊቱም ዩኤስቢ የሚል ቃል ይዞ መታየት አለበት። ካልታየ ወደ ኤፍ10 ገብተው በቡት አማራጮች ገጽ ላይ «ዩኤስቢ ስቶሬጅ ቡት» የሚለው ላይ የምርጫ ምልክት መኖሩን ይዩ። ከድርጅት የወጡ ላፕቶፖች ላይ ሠራተኛ ከውጭ እንዳያስነሳ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ከፍላሹ ሲነሳ ቋንቋ የሚያስመርጥ ገጽ ይመጣል። ቀጥለው መሀል ላይ «ኢንስቶል ናው» የሚል ትልቅ ቁልፍ ያያሉ። አይንኩት። በግራ በኩል ከታች በትንሽ ጽሑፍ «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚል አለ፤ እሱን ይጫኑ፣ ከዚያ ትራብልሹት፣ ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት።

ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት ኖትፓድ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ያው ሁላችንም የምናውቀው ኖትፓድ ይከፈታል። እኛ ግን የምንፈልገው መጻፊያውን አይደለም። ፋይል የሚለውን፣ ከዚያ ኦፕን የሚለውን ሲጫኑ የሚመጣው መስኮት የላፕቶፑን ዲስክ በሙሉ ያሳያል። ከታች የፋይል ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» ያድርጉት፤ አለበለዚያ ኤክሴሎቹ አይታዩም። የዲስኩ ፊደል ሊቀያየር ስለሚችል ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ቢያገኙት አይግረምዎት፤ ዩዘርስ የሚባል ፎልደር ያለበትን ይፈልጉ፣ በስምዎ ይግቡ፣ ዴስክቶፕና ዶኩመንትስ ውስጥ ይዩ። የውጤቱን ፎልደር ቀኝ ክሊክ አድርገው ኮፒ ይበሉ፣ በሁለተኛው መሰኪያ ላይ ወደሰኩት ሌላ ፍላሽ ሄደው ፔስት ያድርጉ። ስንት እንደተገለበጠ የሚያሳይ መስመር ላያዩ ይችላሉ፤ መስኮቱ የደረቀ ቢመስልም ይታገሱት፣ ፍላሹን አይንቀሉት። ሲያልቅ ያንን ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍተው ያረጋግጡ። መከፈታቸውን በዓይንዎ ሳያዩ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

እዚህ ላይ ባለ48 አሃዝ ቁልፍ ከተጠየቁ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል ማለት ነው። ዊንዶውሱ ውስጥ የገቡት በማይክሮሶፍት አካውንት ከነበረ ቁልፉ አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ በስልክዎ ገብተው ይፈልጉት። ያለ ቁልፉ ማንም ባለሙያ አይከፍተውም፤ እከፍታለሁ የሚልዎት ቢኖር ገንዘብዎን አይስጡት።

ውጤቱ በእጅዎ ከገባ በኋላ ወደ ትራብልሹት ገጽ ተመልሰው «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን ያስጀምሩ። ብዙ ጊዜ የሚዞረው ክብ የሚፈታው በዚሁ ነው። ካልሆነ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ውስጥ ገብተው የመጨረሻውን ማሻሻያ ያስወግዱ፤ ግማሽ ላይ መብራት የሄደበት አፕዴት እንዲህ አድርጎ ይተዋል። ሁለቱም ካልሠሩ ያን ጊዜ እንደ አዲስ መጫን ይቻላል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚጠፋ ነገር የለም። ያን ጊዜም ቢሆን ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ስለተነሳ የጂፒቲው መልእክት አይመጣብዎትም።

እንደ አዲስ መጫን ላይ ከደረሱ አንድ ነገር ያስቡበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። 840 ጂ3 ደግሞ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነ በዊንዶውስ 11 የተፈቀዱ ማሽኖች ዝርዝር ውስጥ የለም። ሥራዎ ጽሑፍ፣ ኤክሴልና ኢንተርኔት ከሆነ ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት) ከፍላሽ ሳይጭኑ ሞክረው እንዲያዩት እመክራለሁ። ማሽኑ ገና ብዙ ይሠራል፤ መጣል የለበትም።

ይህን ጽሑፍ ሌላ ማሽን ይዞ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል። በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12 ነው፤ በአሱስ ኢስኬፕ ነው፤ በኤሰርም ኤፍ12 ነው፣ ግን በብዙዎቹ ላይ ቀድሞ ባዮስ ውስጥ መፈቀድ አለበት። ዋናው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ችግሩ እስካሁን ካወራነው ውስጥ ነው። ካለና ሲመርጡት ከቆመ ግን ሌላ ነው። «አልተረጋገጠም» ወይም ሴኪዩሪቲ የሚል ቃል ያለበት መልእክት ከመጣ ሴኪዩር ቡት ፊርማውን አልተቀበለውም። ቆየት ባለ የሊኑክስ ፍላሽ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት ብዙ የቆዩ የሊኑክስ ፍላሾችን ስላገደ አዲስ ስሪት ማውረድ ይሻላል። ከዊንዶውስ መጫኛው ውስጥ ገብተው የላፕቶፑ ዲስክ ራሱ ካልታየ ደግሞ፣ ማሽኑ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል ሥርዓት ድራይቨሩን እየጠየቀ ነው፤ ከአምራቹ ገጽ አውርደው ፍላሹ ላይ ጨምረው መጫኛው ውስጥ ይስጡት።

በፍላሽ ፋንታ በውጭ ሃርድ ዲስክ የሚሞክር ሰው የሚያጋጥመው ሌላ ነገር አለ። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ያዳምጡ፦ ጀምሮ፣ ጠቅ ብሎ፣ እንደገና የሚጀምር ከሆነ ኃይል አልበቃውም። ረጅሙን ገመድ በአጭር ይቀይሩ፣ ሌላ መሰኪያ ይሞክሩ። ከሌላ ላፕቶፕ የወጣን ዲስክ ከነዊንዶውሱ ሰክቶ ለማስነሳት መሞከርም ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ስክሪን ያልቃል፤ በተለመደው መንገድ የተጫነ ዊንዶውስ በዩኤስቢ እንዲነሳ ተብሎ አልተሠራም።

ገበያ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽም አለ። ሲጽፍ ምንም አይልም፤ ፋይሉ ግን ከግማሽ በኋላ ባዶ ነው፣ መጫኑም ሁልጊዜ እዚያው ፐርሰንት ላይ ይቆማል። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። በተቆራረጠ ኢንተርኔት የወረደ አይኤስኦም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት አጥፉትና አብሩት፣ ባዮስ ውስጥ ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው ድርጅት ቁልፍ አሁንም አለበት። እንዲህ ያለውን ማሽን ከፍላሽ ማስነሳትም ላይቻል ይችላል፤ ባትሪ ነቅሎ መመለስ በሥራ ላፕቶፖች ላይ አያስወግደውም። ሻጩ የይለፍ ቃሉን እዚያው እንዲያጠፋላችሁ ጠይቁ፣ ካልቻለ ተዉት።

መምህር፣ የምርመራው ውጤት «ፓስድ» ብሎ ፍላሹ ግን አሁንም ዝርዝሩ ውስጥ ካልመጣ፣ የኤፍ9ን ገጽና የባዮሱን የቡት አማራጮች ገጽ በስልክዎ አንስተው ይላኩልኝ። ከዚያ እንቀጥላለን። እስከዚያው ላፕቶፑ ከቤትዎ አይውጣ።